ዲስኩን የሚበላው ዳታቤዙ አይመስለኝም

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ለኢሜይል የማይክሮሶፍትን ሰርቨር፣ ኤክስቼንጅ 2016ን፣ እንጠቀማለን። የዳታቤዙ ፋይል 180 ጊጋ ነው፤ ከሎጉ (ለውጦች መጀመሪያ ከሚመዘገቡባቸው ፋይሎች) ጋር 500 ጊጋ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ሠራተኛው አሮጌ ኢሜይል እንዲያጠፋ አደረግን፤ ፋይሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ዲስኩ በቀን 2 ጊጋ ገደማ እየበላ አሁን 60 ጊጋ ብቻ ቀርቷል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ «ኦፍላይን ዲፍራግ አድርጊ፣ ያልቃል» አለኝ፤ ዳታቤዙን ዘግተሽ ፋይሉን አሳንሺ ማለቱ ነው። እሱ ባለፈው ዓመት ሎግ አጥፍቶ ዳታቤዙ አልነሳ ሲለው በኢኤስኢዩቲል (የኤክስቼንጅ የዳታቤዝ መሣሪያ) ጠግኖት ነበር። ባክአፕ በየሌሊቱ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይሄዳል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ዲፍራጉን ለጊዜው ተዪው።

የላክሽውን ቁጥር አስቢው። ከ500 ላይ 180 እና 60 ሲነሳ 260 ጊጋ ይቀራል። የፍለጋ ኢንዴክሱ የዳታቤዙን አንድ አምስተኛ ያህል ሊወስድ ይችላል፤ 36 ጊጋ ለሱ እንተውለት። ቀሪው 220 ጊጋ ምንድን ነው? ሎግ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። በቀን 2 ጊጋ ከሆነ ደግሞ የሦስት ወር ተኩል ክምችት ነው። ባክአፑ ከዚያ ወዲህ አልሠራም ማለት ነው። ወይም ሠርቷል፤ ኤክስቼንጅ ግን እንደ ባክአፕ አልቆጠረውም።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። የሎግ ፎልደሩን ክፈቺ። እያንዳንዳቸው 1 ሜጋ የሆኑ ፋይሎች ከ200 ሺህ በላይ ካገኘሽ ጉዳዩ አለቀ። ከዚያ በኤክስቼንጅ ማኔጅመንት ሼል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ጌት ሜይልቦክስ ዳታቤዝን ከስታተስ ጋር እዘዢና ላስት ፉል ባክአፕ የሚለውን ቀን እዪ።

ፎልደሩን ስታዪ ለማጥፋት እጅሽን ሊያሳክክሽ ይችላል። ሎግ በእጅሽ አታጥፊ! ያ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዳታቤዙ ሳይዘጋ የቀረ ሥራ ካለው፣ ሲነሳ ሎጉን ይጠይቃል። ካጣው አይነሳም።

ሎጉን በሥርዓቱ የሚያጸዳው ሙሉ ባክአፕ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ ከሆነ የምትጠቀሚው፣ ቪኤስኤስ (የዊንዶውስ የቅጂ አገልግሎት) ፉል መመረጡን እዪ። ቪኤስኤስ ኮፒ ከሆነ ፋይሉን ይገለብጣል እንጂ ሎጉን አይነካም። የዳታቤዙን ፋይል በስክሪፕት ኮፒ ማድረግማ ባክአፕ አይባልም። ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ራይተርስ ብለሽም የኤክስቼንጁ ራይተር (ዳታቤዙን ለባክአፕ የሚያዘጋጀው ክፍል) ስቴብል መሆኑን አረጋግጪ። ኤክስተርናል ዲስኩንም ጠርጥሪ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ስላሽ ዲስክ ለፊልም ካልሆነ ለሰርቨር አይሆንም። አዲስ 1 ቴራ ግዙ። ሥራ አስኪያጁ ዋጋው ከበዳቸው ካሉ፣ የተቋሙ ኢሜይል በሙሉ ቢጠፋ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ዳታቤዙ። ኢሜይል ጠፍቶ ፋይሉ ለምን እንደማይቀንስ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ትንሽ ላስረዝመው። ኤክስቼንጅ 2016 ዳታቤዙን በ32 ኪሎባይት ገጾች ከፋፍሎ ነው የሚይዘው። ሠራተኛው ኢሜይል ሲያጠፋ፣ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ ቢያደርግ፣ ኢሜይሉ ወዲያው አይሄድም። ካልተቀየረ በቀር ለ14 ቀን ተደብቆ ይቆያል። ከ14 ቀን በኋላ ገጹ ነጻ ይሆናል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን እንዳለ ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ስለሆነች በሆቴል ላስረዳሽ። ስብሰባው አልቆ እንግዳው ሲወጣ የሆቴሉ ፎቅ አይቀንስም። አልጋው ይነጠፍና ቀጣዩን እንግዳ ይጠብቃል። ዳታቤዙም እንደዚያው ነው፤ አዲስ ኢሜይል ሲመጣ ባዶዎቹን ገጾች ይሞላል እንጂ ፋይሉን አያሳድግም። ስለዚህ ባዶ ገጽ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ለወራት ያገለግልሻል። ኦፍላይን ዲፍራግ ማለት ደግሞ እንግዶቹን ሁሉ በር ላይ አስቁሞ፣ ጎን ለጎን ትንሽ ሆቴል ሠርቶ፣ እነሱን አዛውሮ፣ ትልቁን ማፍረስ ነው። ሁለተኛው ሆቴል እስኪያልቅ ሁለቱም መሬት ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው አዲሱ ፋይል ከሚኖረው መጠን 110 በመቶ ያህል ባዶ ቦታ የሚጠየቀው። ባዶው 80 ጊጋ ቢሆን እንኳ አዲሱ ፋይል 100 ጊጋ ይሆናል፤ 110 ጊጋ ትፈልጊያለሽ። ያለሽ 60 ነው። የባዶውን ትክክለኛ መጠን በዚያው በጌት ሜይልቦክስ ዳታቤዝ ትእዛዝ ላይ አቬይለብል ኒው ሜይልቦክስ ስፔስ የሚለው ይነግርሻል።

ያንቺ ዳታቤዝ ሌላም ችግር አለበት። ያ ልጅ የተጠቀመው የኢኤስኢዩቲልን ፒ (/p) ትእዛዝ ከሆነ፣ እሱ ጥገና ከማለት ቆረጣ ማለት ይቀላል። ያልገባውን ገጽ ይጥላል፤ የማን ኢሜይል እንደሆነ አይጠይቅም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በዚህ መንገድ የተጠገነ ዳታቤዝ እንዳለ ሥራ ላይ እንዲቆይ አይደግፍም፤ ሜይልቦክሶቹን ወደ አዲስ ዳታቤዝ አውጡ ይላል። ዳታቤዙን ዲስማውንት አድርገሽ (ከሥራ አውጥተሽ) በኢኤስኢዩቲል ኤምኤች (/mh) ስታዪው ሪፔር ካውንት (የጥገና ቁጥሩ) ከዜሮ በላይ ከሆነ ነገሩ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ዲፍራግ ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ። ሎጉ ሲጸዳ ሌላ ዲስክ ላይ አዲስ ዳታቤዝ እከፍታለሁ፤ ስታንዳርድ እትሙም እስከ 5 ይፈቅዳል። ከዚያ በኒው ሙቭ ሪኩዌስት ትእዛዝ ሜይልቦክሶቹን በጥቂት በጥቂቱ አዛውራለሁ። ሰው ሥራውን አያቆምም፤ መጨረሻ ላይ ለአፍታ ይቋረጥበታል እንጂ። ዝውውሩ ራሱ ብዙ ሎግ ስለሚፈጥር በየሌሊቱ ባክአፕ ይሂድ። ቦታ ቢጠብሽም እደግመዋለሁ፦ ሎግ በእጅ አይጠፋም። የአርቢትሬሽን ሜይልቦክሶቹን (ኤክስቼንጅ ለራሱ ሥራ የሚጠቀምባቸውን) አትርሺ፤ እነሱ ሳይወጡ አሮጌው ዳታቤዝ አይሰረዝም። የተበላሹ ኢሜይሎች ዝውውሩን ካስቆሙት ባድ አይተም ሊሚትን (የሚዘለሉ የተበላሹ ኢሜይሎች ጣሪያን) በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፤ የተዘለለውንም ሪፖርቱ ላይ እዪ።

ሪፔር ካውንቱ ዜሮ ሆኖ የግድ ዲፍራግ ካልሽ፦ ቅዳሜ ማታ፣ ከሙሉ ባክአፕ በኋላ፣ ዲስማውንት፣ በኤምኤች ክሊን ሻትዳውን (በሥርዓቱ የተዘጋ) መሆኑን ማየት፣ ከዚያ ኢኤስኢዩቲል በዲ (/d)፤ ጊዜያዊ ፋይሉን በቲ (/t) ሌላ ዲስክ ላይ። ሲያልቅ ማውንት አድርጊና ወዲያው እንደገና ሙሉ ባክአፕ ውሰጂ፤ የበፊቱ ሎግ ለአዲሱ ፋይል አይሠራም። መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ዩፒኤሱን ቀድመሽ ጭነት ላይ ሞክሪው። የአዳማ ሙቀት ርካሽ ባትሪ ይጨርሳል፤ መብራት በጠፋ ብዙም ሳይቆይ ጸጥ ሊል ይችላል።

የኤክስቼንጅ 2016 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ለአዲስ ሰርቨር በጀት ስትጠይቂ ይህን ጻፊበት። ሙሉ ባክአፑ ተሳክቶ ሎጉ ካልቀነሰ፣ ኢቨንት ቪውወር ላይ በዚያ ሰዓት የወጣውን የኢኤስኢ (የዳታቤዙ ሞተር) መልእክት ገልብጠሽ ላኪልኝ።