መልስ፦ ቪትዝ ሱሉልታ ዳገት ላይ ለምን ትደክማለች?
ወንድሜ፣ «ዳገቱ ላይ ትለግማለች፣ ሞተር ልቀይር ወይ?» ላልከው፣ ሞተሩን አትንካው! የሱሉልታ መንገድ የሚያቋርጠው የእንጦጦ ጋራ አናቱ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ከሩብ በላይ ያጣል። 1000 ሲሲ በሆነች ትንሽ ሞተር አራት ሰው ጭነህ፣ ኤሲ ከፍተህ ምን ታድርግልህ? ሜክሲኮ ሲቲ 2200 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የፎርሙላ 1 ውድድር መኪኖች እንኳ እዚያ በአየር ኃይል ወደ መሬት የሚጫናቸውን ትልቁን ክንፍ አስረው አስፋልቱን በደንብ አይጨብጡም፣ ፍሬናቸውም ይግላል።

ጭስ ማውጫ ቀይረው ሰፈር የሚቀሰቅሱትን ልጆች አትስማ፤ የሚጨምሩት ጩኸት ነው። ይልቅ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ያዘው፤ በአቧራ ተደፍኖ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላም ለመካኒክ አሳይ። ዳገቱን ከመጀመርህ በፊት ማርሽ ቀንስ፣ ኤሲውንም አጥፋ።