«አንቺ ያየሽው ሌላ ኮንሰርት ነው»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ዕድሜዬ 26። ከሂፕ ሆፕ ጋር የተዋወቅሁት ተማሪ እያለሁ ነው። የቴዲ ዮንና የልጅ ሚካኤልን ግጥሞች ደብተሬ ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ነው ያደግሁት። የሰፈራችን ልጅ ራፐር ሆኖ ስሙ መነሳት ሲጀምር ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ወር የመጀመሪያ ትልቅ ኮንሰርቱን አደረገ። ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለእያንዳንዳችን 1,200 ብር ከፍዬ ገባን። ትኬቱ ላይ 12 ሰዓት ይላል፤ እሱ መድረክ ላይ የወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ወንድሜ በሰው መሃል ተሹለክልኮ ፊት ደረሰ። እኔ ግፊያ ስለማልችል ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

የሆነውን እንዳየሁት ልንገርዎ። ባሱ ደረቴን ይመታል፤ ቃሉ ግን አይሰማም፣ ጉምጉምታ ብቻ ነው። በቃሌ የማውቀውን ግጥም እንኳ የቱ ጋ እንደደረሰ መለየት አቃተኝ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ማይኩን ከአፉ አርቆ ወደ ሕዝቡ አዞረው፤ ድምፁ ግን ከስፒከሩ መውጣቱን ቀጠለ። አራተኛውም ላይ እንዲሁ። ከዚያ አንዴ ቢቱ፣ ከሥር የሚሄደው ሙዚቃ፣ በድንገት ጠፋ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻውን ቀጠለ፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው፣ ዲጄው እንደገና አስነሳው። እኔ ግን ያኔ ልቤ ሸፍቶ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፕሌይባክ፣ በተቀዳ ድምፅ ነው የሠራው። አፉን ከማንቀሳቀስ በቀር ምንም አላደረገም። ሌባ ነው፤ ብራችንን ይመልስ።» ጠዋት ስነሳ ከ3,000 በላይ ሰው አጋርቶታል። የማላውቃቸው ሰዎች ከሥሩ እናቱን ሳይቀር ሰድበዋል።

እናቱ የእናቴ የዕድር ጓደኛ ናቸው። የቅዳሜ ቡና የሚጠጡት እኛ ቤት ነበር፤ ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። እናቴ «ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ድምፁ እስኪዘጋ ሲጮህ ነው ያመሸው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ምሽት አላየም። «አንቺ ያየሽው ሌላ ኮንሰርት ነው» ካለኝ ወዲህ አያናግረኝም።

እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። የከፈልኩትም የላቤን ነው። ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጽሑፉን ልሰርዘው? እውነቱን ጽፌ ይቅርታ የምጠይቀውስ ስለ ምኑ ነው?

የሰፈሩ ልጅ ነኝ፣ ከጉለሌ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ፣ አንቺ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር ያዘኝ። ቢቱ ጠፋ፤ እሱ ግን ብቻውን ቀጠለ ብለሻል።

ዲጄው ከኮምፒውተሩ የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ቢቱን ብቻ፣ ወይም ቢቱን ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳው የራፐሩ ድምፅ ጋር። ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ ቢቱ ሲቋረጥ ድምፁም አብሮ ይሄድ ነበር። ያን ምሽት ግን ቢቱ ሄዶ ድምፁ ቀረ። ልጁ በዚያች ቅጽበት በገዛ ትንፋሹ ነበር፤ ሕዝቡ ያጨበጨበለትም ይህንኑ አውቆ ይመስለኛል። ማይኩን ወደ ሕዝቡ ባዞረባቸው ዘፈኖች ላይ ደግሞ የተቀዳው ድምፅ ከሥር ይሄድ እንደነበር አንቺ በዓይንሽ አይተሻል፤ እሱን ማንም አያስተባብልሽም። ሁለቱም ሆኗል። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ» ያልሽው ነው የማይቆመው።

በተቀዳ ድምፅ ላይ እየደረቡ መሥራት በራፕ መድረክ የተለመደ ነው። እኔ ግን አልወደውም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ግጥሙ በቁርጥራጭ ተቀድቶ ይገጣጠማል፣ መድረክ ላይ እየዘለሉ ያንኑ በአንድ ትንፋሽ ማውረድ ሌላ ሥራ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ራፐሮች የስንኙን ጫፍ የሚቀበልላቸው ሰው አጠገባቸው የሚያቆሙት። ፐብሊክ ኤነሚ በተባለው የአሜሪካ የራፕ ቡድን ውስጥ ፍሌቨር ፍሌቭ ስሙ የገነነው በዚህ ሥራ ነው። ዘ ሩትስ የተባለው የፊላደልፊያ ባንድ አባላት ደግሞ ከበሮውንም ጊታሩንም እዚያው መድረክ ላይ እየተጫወቱ ነው ራፕ የሚያደርጉት። የሰፈርሽ ልጅ ባንድ ለማቆም አቅም ባይኖረው፣ አንድ ተቀባይ ጓደኛ ማቆም አያቅተውም ነበር።

ሂፕ ሆፕ ሲወለድም እኮ ሙዚቃው የተቀዳ ነበር። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1973 መሆኑ ነው፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ሕንፃ ላይ፣ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጅ ለትምህርት ቤት መክፈቻ የሚሆን የልብስ መግዣ ለማግኘት ፓርቲ አዘጋጀች። ሸክላ ያጫወተው ወንድሟ ዲጄ ኩል ሄርክ ነው። በእነዚያ ፓርቲዎቹ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ እያፈራረቀ፣ ሰው የሚጨፍርበትን የከበሮ ክፍል ያስረዝመው ነበር። ጓደኛው ኮክ ላ ሮክ ማይክ ይዞ የመጡትን ሰዎች በስማቸው እየጠራ ያሟሙቃል። ከበሮው ከሸክላ ቢመጣም የሰውየው ድምፅ ግን የዚያው ምሽት ነበር። አንቺም የፈለግሽው ይህንኑ ነው፤ ልክ ነሽ።

ቃሉ አልሰማ ያለሽ ግን በእሱ ጥፋት አይመስለኝም። የቆምሽው ግድግዳ ሥር ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጣሪያና ከጎን ግድግዳ ነጥሮ 70 ሜትር ያህል ትርፍ መንገድ ዞሮ የሚመጣው፣ በቀጥታ ከመጣው አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርስሻል። ፈጣን ራፐር በዚያች ጊዜ ሌላ የቃል ክፍል ላይ ደርሷል፤ የቀደመው ማሚቶ የሚቀጥለውን ይሸፍነዋል። ባስ ደግሞ ግድግዳ ሥር ይከማቻል። ደረትሽን ሲመታሽ ያመሸው እሱ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። የእኛ ራፐሮች የሚጫወቱት በላልቶና በጠብቆ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። ወርቁ ያለው እዚያች ጥብቀት ላይ ነው፤ የሚያስተጋባ ትልቅ አዳራሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላት እሷን ነው። አዝማሪ ቤት ግጥም ስትሰጪ አዝማሪው ወዲያው ተቀብሎ የሚመልስልሽ፣ ከችሎታው ሌላ፣ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ቃልሽ ሳይሸረፍ ስለሚደርሰውም ነው። ወንድምሽም ፊት ስለቆመ ማሚቶው ሳይደርስበት ቃሉን በቀጥታ ሰምቷል። ሌላ ኮንሰርት ነው ያየሽው ሲልሽ አልዋሸም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጽሑፉን አትሰርዢው። ስክሪንሾቱ ከሰው ስልክ አይጠፋም፤ ብትሰርዢው ማረሚያሽን የምታስቀምጪበት ቦታ ነው የሚጠፋው። እናቱን የሰደቡትን አስተያየቶች ግን ዛሬውኑ አንድ በአንድ አጥፊ። ገጹ ያንቺ ነው። እስካሁን መቆየታቸው ራሱ አስከፍቶኛል።

ከዚያ ሳትጽፊ በፊት እናቱ ዘንድ ሂጂ። ጥሬ ቡና ይዘሽ፣ ከእናትሽ ጋር፣ በቅዳሜ። እግራቸው ላይ መውደቅ አያስፈልግሽም፤ እሳቸውንም ያስጨንቃቸዋል። «ልጅዎን ሌባ ብዬ ሺህ ሰው ፊት ጽፌያለሁ፤ ሌባ አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በይ። ስለ ፕሌይባክ እዚያ አታንሺ። አስተያየት መስጠትሽ አይደለም ይቅርታ የሚያስጠይቅሽ፤ ያቺ አንዲት ቃል ናት። በሰፈር ውስጥ ሌባ የተባለ ልጅ እናት ዕድር ላይ ቀና ብላ ለመቀመጥ ምን ያህል እንደምትቸገር እናትሽ ያውቃሉ።

ስትመለሺ እዚያው ጽሑፍ ራስጌ ላይ ጨምሪ፤ ሁለት ዘፈን ላይ የተቀዳ ድምፅ ከሥር ይሄድ እንደነበር፣ ቢቱ ሲጠፋ ግን በራሱ ድምፅ እንደቀጠለ፣ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ» ያልሽው ስህተት እንደነበር፣ ሌባ ማለትሽንም እንዳነሳሽ። የሦስት ሰዓቱን መዘግየት ግን ጻፊው እንጂ አትተዪው። 12 ሰዓት ብሎ ትኬት የሸጠ አዘጋጅ በ12 ሰዓት መጀመር አለበት፤ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

ወንድምሽን ለማስታረቅ ብዙ ንግግር አያስፈልግም። ከፊት ሆኖ የቀረጸው ቪዲዮ ይኖረዋል፤ ቢቱ የጠፋበትን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። አብራችሁ ስሙት። ለሚቀጥለው ኮንሰርት ደግሞ ግፊያው የሚያስቸግርሽ ከሆነ የድምፅ ባለሙያው ጠረጴዛ ያለበትን ፈልጊና እሱ አጠገብ ቁሚ። እሱ ድምፁን የሚያስተካክለው በራሱ ጆሮ እየሰማ ነው።