ዓለሙን አብሮ መፍጠር

ጥያቄ፦ 5 ሆነን የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪኩን በንግግር የሚጫወትበት) ልንጀምር ነው። ታሪኩ የሚካሄድበትን ዓለም በጋራ እንፍጠር ብለን ስንቀመጥ ግን ሁለቱ ብቻ ያወራሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ነፃ ውይይቱን ትታችሁ በተራ ሥሩ። ባዶ ወረቀት መሐል አስቀምጡ። ባለተራው አንድ ቦታ ይሳል፤ ቀጣዩ እዚያ ላይ አንድ ችግር ይጨምርና የራሱን ቦታ ይሳል። አንዱ «ድልድይ» ካለ፣ ሌላው «ጠባቂዎቹ ከመሸ በኋላ ማንንም አያሳልፉም» ይላል። ምክንያቱን ግን አትናገሩ፤ የጨዋታው መሪ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው ሰው፣ የሚሠራው በዚያ ክፍተት ነው። 2 ዙር፣ ማለትም 10 ቦታ፣ ይበቃል። ብዙ ቡድን የሚደክመው የሺህ ዓመት ታሪክ ሲደረድር ነው፤ ተጫዋቾቹ የማይደርሱበት ታሪክ ይረሳል። ሁለት ሐሳብ ከተጋጨ አንዱን አትሰርዙ፣ በዓለሙ ውስጥ የሚናፈስ ወሬ አድርጉት። ከሁሉ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ በጨዋታው ማየት የማይፈልገውን ይናገር፤ ያ ነገር ያለ ክርክር ይውጣ።