ያለ ክስ ታስሮ ለተደበደበ ወንድም፣ ማን ይከሰሳል?

እህት ዓለም፣ «ወንድሜን ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ 9 ቀን አስረው፣ ደብድበው ለቀቁት፤ ማንን እንክሰስ?» ላልሽው በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። ጠበቃ አይደለሁም፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ነኝ።

እኔን የያዙኝ በኅዳር፣ ገብሱ ሳይታጨድ ነው። በድንበር ክርክር ተከሰሃል ብለው 6 ቀን አሳደሩኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የማይቆጠረው የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው። ከጣቢያው እስከ ችሎቱ ደግሞ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

እስሩን ማስረዳት አላስቸገረኝም፤ የገባሁበትም የወጣሁበትም ቀን በራሳቸው መዝገብ ሰፍሯል፣ ፍርድ ቤቱ አስቀረበው። የዱላው ነገር ነው የከበደኝ። ስፈታ እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፣ ሐኪም ዘንድ የደረስኩት በ12ኛው ቀን ነው። ሰንበሩ ደብዝዞ ነበርና ሐኪሙ «የቆየ ምልክት» ብሎ ጻፈ። አብረውኝ የታሰሩት ሁለቱ ለመመስከር ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም። ወንድምሽ ቁስሉ ሳይሽር ዛሬውኑ ይታከም፣ ማን በምን እንደመታውም ለሐኪሙ ይንገር። ፎቶም አንሱት።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ግን በገዛ አፌ ያጠፋሁት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ሲያጠፋ መንግሥትም ካሳ ይጠየቃል፤ ጥፋቱ የግል ከሆነ ግን መንግሥት የለበትም። የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በቅን ልቦና ለሥራዬ ነው ብሎ ያደረገው ነው። እኔ ተናድጄ ክሱ ላይ «ፖሊሱ የቆየ ቂም ስለነበረው ደበደበኝ» ብዬ አስጻፍኩ። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ተወካይ ያንኑ ቃሌን አነበበልኝና «ራሱ የግል ቂም ነው ብሏል» አለ። መሥሪያ ቤቱ ከዱላው ክስ ወጣ፤ የቀረልኝ ከደመወዙ በቀር ምንም የሌለው ሰውዬ ብቻ። እሱም በማስረጃ እጦት ተረፈ። በእስሩ ግን አላመለጡም። ስለዚህ እስሩንና ድብደባውን ለያይታችሁ ጻፉ፣ ፖሊሱንም መሥሪያ ቤቱንም ክሰሱ፣ ያያችሁትን እንጂ በልቡ ያለውን አትተርኩ።

ገንዘቡን ብዙ አትመኙ። ለሞራል ጉዳት ሕጉ የጣለው ጣሪያ 1000 ብር ነው፤ ያኔ በሬ ይገዛ ነበር፣ ዛሬ ዶሮ ከነቅመሟ አይገዛም። ፋይዳ ያለው የሕክምና ደረሰኝና የቀረ ሥራ ነው። የተፈረደልኝም በአብዛኛው ገብሱን በቀን ሠራተኛ ያሳጨድኩበት ነው፣ ጎረቤቶቼ መስክረውልኝ።

ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ ከረዘመ እሱ ይሠራል። ሕገ ወጥ እስር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423፣ ታሳሪን መደብደብ በ424 ያስቀጣል፤ አቤቱታውን ለዐቃቤ ሕግ አቅርቡ፣ ለዚያው ጣቢያ አይደለም። የዳኝነት መክፈያ ካጣችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍሉ፣ ለመክሰስ አመልክቱ።

አንድ ልጠይቅሽ፦ ሲለቁት ያስፈረሙት ወረቀት አለ? ካለ ምን እንደሚል ጻፊልኝ። እኔን «ምንም አልደረሰብኝም» የሚል አስፈርመውኝ ነበር።