ቀሪውን ገንዘብ ዛሬውኑ ላኪ አሉኝ

ጤና ይስጥልኝ። ቦርሳ በመሸጥ የምተዳደር ነጋዴ ነኝ። እስካሁን ከጅምላ ሻጭ ነበር የምገዛው። ዘንድሮ ግን ቆርጬ 400 ቦርሳ በቀጥታ ከውጭ ፋብሪካ አዘዝኩ። ናሙናው ሲመጣ ስፌቱን አገላብጬ አይቼ ወደድኩት፤ 30 በመቶ ቀብድም ላክሁ። አሁን ቦርሳው ተሠርቶ አልቋል፣ ቀሪውን 70 በመቶ ዛሬውኑ ካልላክሽ መርከቡ ያመልጥሻል ይሉኛል። ፎቶ ላኩልኝ ልላቸው አሰብኩና፣ አላመነችንም እንዳይሉኝ ተሳቀቅሁ። ደግሞ ኦዲት ላይ ስለሆንን በሌላ የባንክ ቁጥር ላኪ ብለው ጽፈዋል። ዋጋው ሲአይኤፍ (የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ያለበት) ስለሆነ መንገድ ላይ ለሚደርሰው ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው አይደል? ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው።
እንቅልፍ ያጣች

እህቴ፣ ዛሬ አንድም ሳንቲም እንዳትልኪ።

አንቺን ያሳቀቀሽ የፎቶው ነገር ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እንደ ዋዛ ያነሳሽው የባንክ ቁጥር ነው። ይህ የታወቀ የማጭበርበሪያ መንገድ ነው። ሌባው የአንዳችሁን ኢሜይል ሰብሮ ይገባል፤ የምትጻጻፉትን ቁጭ ብሎ ያነባል፤ ልክ የቀሪው ክፍያ ቀን ሲደርስ በሻጩ ስም ይጽፋል። አንዳንዴ አድራሻው ራሱ አስመሳይ ነው። ኤል የምትባለው ፊደል በነበረችበት ቦታ 1 ቁጥር ትገባለች፣ ዓይንም ያልፋታል። እኔም ከዓመታት በፊት ልልክ ስል ያዳነኝ የድሮውን ፕሮፎርማ ከአዲሱ ጎን ማስቀመጤ ነው። የተቀባዩ ስም ላይ አንዲት ቃል ተቀይራ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ለኢሜይሉ መልስ አትስጪ። ደውይ። የምትደውይው ግን መጀመሪያ በላኩልሽ ፕሮፎርማ ላይ ባለው ስልክ እንጂ አዲሱ ኢሜይል ላይ ባለው አይደለም። ለውጡ እውነት ነው ቢሉሽ እንኳ የሒሳቡ ባለቤት ስም ከድርጅቱ ስም ጋር ካልገጠመ አትክፈይ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ፎቶ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ከመጫኑ በፊት ዕቃ የሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ። ምርቱ ሙሉ በሙሉ አልቆ ቢያንስ 80 በመቶው ሲታሸግ ፋብሪካው ድረስ ይሄዳሉ። በተለመደው የናሙና ሠንጠረዥ ከ400 ቦርሳ 50 ያህሉን ከተለያየ ካርቶን ያወጣሉ። ዚፑን ደጋግመው ይከፍታሉ፣ ማንገቻውን ይስባሉ። ለከባድ ጉድለት ብዙ ጊዜ በሚሠራበት መለኪያ ከ50ው 4 ከተበላሸ ጭነቱ ወድቋል። ደህና ፋብሪካ ይህን ስለለመደው አይቀየምሽም። ገንዘብሽ ገና እጅሽ ላይ ሳለ ነው የሚሰሙሽ፤ 70 በመቶው ከሄደ በኋላ ማን ይሰማሻል? መርከቡ ካመለጠ በሚቀጥለው ይጫናል።

ሲአይኤፍ ላይ ግን ተሳስተሻል፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሻጩ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን እስከ መድረሻው ወደብ ይከፍላል እንጂ፣ ዕቃው መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ከተጫነ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ያንቺ ነው። ሻጩ እንዲገባ የሚገደደው ኢንሹራንስም ትንሹን ሽፋን ነው፤ ስርቆትን እንኳ አይሸፍንም። ከመጫኑ በፊት ሰፋ ያለውን እንዲገቡልሽ ጠይቂ፤ ልዩነቱን አንቺ ትከፍያለሽ። ቀሪውን ክፍያ ደግሞ የቢል ኦፍ ሎዲንጉ (ዕቃው መርከብ ላይ መጫኑን የሚያሳየው ሰነድ) ኮፒ ሲደርስሽ እንድትልኪ ለመስማማት ሞክሪ።

በስልክ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።