ኬጅ መልመድና ብቻ መዋል ለየቅል ናቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ ነው ያነበብኩት። የ5 ወር ቡችላ አለሽ፤ ሥራ ስትሄጂ 9 ሰዓት ያህል ብቻውን ይቆያል። ቤት እንዳያበላሽ ብለሽ ኬጅ (በር ያለው የሽቦ የውሻ ቤት) ገዝተሽ አስገባሽው፤ አሁን ግን በሩ እንደተዘጋ ይጮኻል፣ ሽቦውን ያኝካል፣ ስትመለሺ ደግሞ በሽንቱ ርሶ ታገኚዋለሽ። «ተይው፣ ጮኾ ጮኾ ይለምዳል» ያሉሽም አሉ። እኔ አትተይው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱ ነው ያሳሰበኝ። የ5 ወር ቡችላ 9 ሰዓት ሽንቱን መያዝ አይችልም። ውሻ አሳዳጊዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ ዕድሜው በወር ተቆጥሮ አንድ ሲጨመርበት፣ ቀን ላይ ቢበዛ ያን ያህል ሰዓት ይይዛል ይባላል። ስለዚህ ያንቺው ቢበዛ 6 ሰዓት ነው፤ እሱም ተኝቶ ከዋለ፣ ካልተጨነቀና ብዙ ውሃ ካልጠጣ። እኔ በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ ተዘግቶበት ከ4 ሰዓት በላይ እንዲቆይ አልፈቅድም። ለትልቅ ውሻም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ኬጅ ውስጥ መዋል ትክክል አይመስለኝም።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ለንጽሕናው ብቻ ብዬ አይደለም። ውሻ በተፈጥሮው የተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አይወድም። ኬጅ ውጭ መሽናትን ለማስተማር የሚረዳውም በዚህ ጠባዩ ነው። ቡችላው አማራጭ አጥቶ በየቀኑ በተኛበት ከሸና ግን ያ መጸየፍ እየደነዘዘ ይሄዳል። እርጥብ ቦታ ላይ መተኛትን የለመደ ውሻን መልሶ ውጭ ማስለመድ ከዜሮ ከመጀመር በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬውኑ መቆም ያለበት ነገር ይህ ነው።

መፍትሔው ቀን መሃል ላይ የሚያወጣው ሰው ማግኘት ነው። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ተከፍሎት ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው፣ ወይም ራስሽ በምሳ ሰዓት ብቅ ብለሽ። ይህ ጭራሽ ካልሆነ የኬጁን በር አትዝጊው። ሊጎዳው የሚችል ነገር ሁሉ የተነሳለት አንድ ትንሽ ክፍል ስጪው፣ ወይም ተጣጣፊ የቡችላ አጥር ግዢና ኬጁን ከፍተሽ በአንዱ ጥግ አስቀምጪ። በተቃራኒው ጥግ ሽንት የሚመጥ ጨርቅ አንጥፊ። ውጭ መሽናትን መማሩ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል፤ በተኛበት ከመሽናት ግን እጅግ ይሻላል። የሸናበትን ቦታ ስታጸጂ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሚ፤ ጠረኑ ከሽንት ስለሚመሳሰል እዚያው ይመልሰዋል። ኢንዛይም (ሽንቱን የሚያፈራርስ ንጥረ ነገር) ያለው ማጽጃ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቡችላሽ ኬጁን ያወቀው አንቺ ስትሄጂ ነው። በሩ ሲዘጋ አንቺ ትጠፊያለሽ፤ ለእሱ ሁለቱ አንድ ነገር ሆነዋል። እኔ ስንት ውሻ ሳሳድግ የተረዳሁት ግን ኬጅ ውስጥ መረጋጋት አንድ ትምህርት፣ ቤት ውስጥ ብቻ መቅረት ደግሞ ሌላ ትምህርት መሆኑን ነው። ሁለቱን ባንድ ቀን የተጫነበት ቡችላ ሁለቱንም ይጠላል። ለየብቻ አስተምሪው፤ አንቺ ቤት እያለሽ ኬጁን፣ ከኬጁ ውጭ ደግሞ ብቻ መቅረትን።

ከኬጁ እንጀምር። ሲቆም ጭንቅላቱ የማይነካ፣ እንደልብ የሚዞርበትና እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት መሆን አለበት። ያደገ ጊዜ ይበቃዋል ብለሽ ትልቅ ከገዛሽ በመከፋፈያ አጥብቢው፤ አለበለዚያ በአንዱ ጫፍ ሸንቶ በሌላው ይተኛል። ቦታው ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ይሁን፤ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ አየር የሚያገኝ። ከመግባቱ በፊት የአንገቱን ማሰሪያ አውልቂ። ይህቺን በቀላሉ እንዳታዪያት፤ ማሰሪያው ሽቦ ላይ ተሰክቶ ውሻ ሊታነቅ ይችላል።

ከዚያ በሩን ወደ ኋላ አጥፈሽ እሰሪው፤ ድንገት ተንቋቅቶ እንዳያስደነግጠው። ምግቡን በሙሉ እዚያው አካባቢ አቅርቢለት፣ በመሃል በመሃል ደግሞ የሚወደውን ቁራጭ ነገር ወደ ውስጥ ጣል አድርጊለት። አሁን ያለው ውሻዬ ቡችላ እያለ የኋላ እግሮቹን ከውጭ ተክሎ፣ አንገቱን እስከሚችለው ድረስ አስረዝሞ፣ ቁራጩን በከንፈሩ ጫፍ ለቅሞ ወዲያው ያፈገፍግ ነበር። ከኋላው አልገፋሁትም፣ ቁራጩንም ወደ ውስጥ አላራቅሁበትም። እዚያው በሚደርስበት ቦታ ደጋግሜ ጣልኩለት። ቀስ በቀስ የኋላ እግሮቹም ተከተሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ገባና ውስጥ ዞሮ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ቆመ፣ ሌላ ቁራጭ እየጠበቀ። ያንቺም ቡችላ እንዲህ ዞሮ መቆም እስኪጀምር በሩን አትንኪው።

ሲጀምር እየበላ ሳለ በሩን መለስ አድርጊና ሳይጨርስ ክፈቺው። ከዚያ የሚያኝከው ነገር ስጪውና አጠገቡ ተቀምጠሽ መጽሐፍሽን አንብቢ። ከዚያ ተነሺና ክፍሉ ውስጥ ተንቀሳቀሺ፣ ወደ ሌላ ክፍል ደርሰሽ ተመለሺ። ሰዓቱን ሁልጊዜ እየጨመርሽ ብቻ አትሂጂ፤ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ይበል። ሁልጊዜ የሚቀጥለው ከባድ ከሆነ ውሻው ያውቅብሻል።

«ሲያላዝን አትክፈቺለት» የሚለውን ምክር ሁሉም ይደግመዋል፤ እኔ በከፊል ብቻ ነው የምስማማው። ለመተኛት ቦታውን ሲያስተካክል ትንሽ አጉረምርሞ ዝም የሚል ቡችላ አለ፤ እሱን ጠብቂው። ድምፁ እየጨመረ፣ እየቀጠነ፣ በሩን መቧጠጥ ከጨመረበት ግን ፈርቷል፤ ክፈቺለትና በሚቀጥለው ጊዜ ወደሚችለው ደረጃ ተመለሺ። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ሽንቱ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ሳትጫወቺ፣ ብዙ ሳታወሪ አውጪውና መልሰሽ አስገቢው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኬጁን አልጋሽ አጠገብ ብታደርጊው ግማሹ ማላዘን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ትምህርት ብቻ መቅረት ነው፤ ጊዜ የሚወስደውም እሱ ነው። ቀለል ካለው ጀምሪ፦ መታጠቢያ ቤት ስትገቢ በሩን ከኋላሽ ዝጊ። ከዚያ መሄድሽን የሚያሳብቁትን ነገሮች ትርጉም አሳጫቸው። ቁልፍ ሲንኳኳ ጆሮውን የሚያቆም ውሻ ቁልፉ ምን እንደሚያስከትል አውቋል ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉን አንሺና ቴሌቪዥን ለማየት ተቀመጪ። ጫማ አድርጊና ወጥ ቤት ገብተሽ ምግብ ሥሪ። ቦርሳሽን ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ልብስ እጠፊ። አንገቱን ቀና ማድረግ ሲተው ብቻ በውጭው በር ወጥተሽ ወዲያው ተመለሺ። ከጥቂት ሰከንድ ጀምረሽ ወደ ደቂቃዎች፣ ሁልጊዜ መጨነቅ ሳይጀምር በፊት እየተመለስሽ። ምን ያህል እንደሚችል የሚነግርሽ እሱ ነው እንጂ የሥራ መግቢያ ሰዓትሽ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጭንቀት የሚጀምረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ያንን ተረጋግቶ ካለፈ ቀሪው ፈጠን ይላል። ትምህርቱ እስኪያልቅ ከአቅሙ በላይ ብቻውን ባይቀር ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋጤ የገነባሽውን ያፈርሳልና። ለዚህ ነው ለጥቂት ሳምንታት የሰው እርዳታ ለምኚ የምልሽ።

ቡችላሽ ሰልችቶት ነው ወይስ ደንግጦ የሚለውን ለማወቅ አንድ የቆየ ስልክ ወይም ካሜራ አስቀምጪና ስትወጪ የሚያደርገውን ቅረጪ። ያለ ቪዲዮ ሁላችንም የምንገምተው ነው። የሰለቸው ቡችላ መጀመሪያ ይተኛል፣ ሲነቃ ጫማ ወይም ትራስ ፈልጎ ያኝካል። የተደናገጠ ውሻ ግን ገና በሩ እንደተዘጋ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የሚያበላሸውም መውጫውን ነው፦ በርና መስኮት። ሌላው ምልክት ምግብ ነው። ስትሄጂ ያልነካውን የሚወደውን ነገር ልክ ስትመለሺ ሮጦ ከበላ፣ አንቺ በሌለሽበት መዋጥ አቅቶት ነበር ማለት ነው።

መሰልቸት ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ከመሄድሽ በፊት እያሸተተ የሚዘዋወርበት ጥሩ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ለመረጋጋት ትንሽ ጊዜ፣ ከዚያ ውስጡ ምግብ ተሞልቶ በረዶ የሆነ ወፍራም የጎማ መጫወቻ። ከለውዝ ቅቤ ጋር የምትሞዪው ከሆነ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንደሌለበት ማሸጊያውን አንብቢ፤ ውሻን በትንሽ መጠን ሊገድል ይችላል። ትልቅ ውሻ ከቀኑ ግማሽ ያህሉን፣ ቡችላ ደግሞ ከዚያም እጅግ የበለጠውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ የረካ ቡችላ የሚፈልገው መተኛት ነው።

ድንጋጤ ከሆነ ግን እባክሽ ኬጁን ተይው። ከሌላ ቤት የመጣች ትልቅ ሴት ውሻ አሳድጌ ነበር። ለብቻዋ ሲዘጋባት የነበረች ናት፤ ስትመጣ የፊት ጥርሶቿ ሽቦ በመንከስ ተሸራርፈው ነበር፣ የአንድ ጥፍሯም ሥር ቆስሎ ነበር። የታጠፈ ኬጅ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ስታይ እንኳ ክፍሉን ጥላ ትወጣለች። እሷን ብቻ መዋል ያስተማርኳት አንድም ቀን ኬጅ ሳላስገባት ነው፤ በሩ ላይ ዝቅተኛ አጥር ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ከላይ በነገርኩሽ መንገድ። ኬጅ የግድ ነው የሚልሽ ሰው ካለ፣ በስዊድንና በፊንላንድ ውሻን ቤት ውስጥ በተዘጋ ኬጅ የዘወትር ኑሮ ማኖር በሕግ የተከለከለ መሆኑን አስቢ። እዚያም ሰው ውሻ ያሳድጋል፣ ሥራም ይሄዳል። እኔ ኬጅን አልቃወምም፤ ለመኪና ጉዞ፣ ለሐኪም ቤት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ለማሳረፍ የለመደ ውሻ ብዙ ይጠቀማል። ግን በፍቅር የሚገባበት ሲሆን ነው።

ስትመለሺ ያበላሸውን ብታገኚ አትቆጪው፣ አፍንጫውንም ሽንቱ ላይ አትቅበሪ። «ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው ጆሮውን የሚጥለው» ይላሉ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ የውሻ ባህርይ ተመራማሪ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሾ ነበር፤ ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት የሚያሳዩት ያጠፉ ጊዜ ሳይሆን ባለቤታቸው የተቆጣቸው ጊዜ ሆኖ ተገኘ፤ ምንም ያላጠፉትም ጭምር። ቁጣሽ የሚያስተምረው መምጣትሽንም መፍራት ነው። ሲጮኽ በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን የአንገት ማሰሪያም አልመክርም፤ ድምፁን ቢያጠፋም ፍርሃቱን ያባብሳል። ሁለተኛ ውሻ ማምጣትም ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ የናፈቀው ሰው ነውና።

ቪዲዮው ላይ ያየሽው ድንጋጤ ከሆነ፣ ወይም ተረጋግቶ ሲውል የነበረ ውሻ ድንገት ከተለወጠ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው። ደጋግሞ መሽናቱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሕመምም ውሻን ይረብሻል። ለከባድ የመለየት ጭንቀት ለውሻ የተፈቀዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ክሎሚፕራሚንና ፍሉኦክሰቲን ዋናዎቹ ናቸው። ለውጥ ለማምጣት ሳምንታት ይፈጃሉ፣ ከሥልጠናው ጋር እንጂ በሥልጠናው ፈንታ አይሰጡም፣ መጠኑንም ሐኪሙ ብቻ ነው የሚወስነው። «ማስተኛ ነገር ስጪው» የሚልሽን ግን አትስሚ። አሴፕሮማዚንን የመሰለ ማስተኛ መድኃኒት አካሉን ያዝለዋል እንጂ ፍርሃቱን አያነሳለትም፤ ውሻው መንቀሳቀስ እያቃተው ይፈራል።

ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጊ፦ ቀን መሃል የሚያወጣው ሰው ፈልጊ፣ አንቺ ቤት በሌለሽበት ሰዓት የኬጁን በር ክፍት ተይው፣ የወጣሽበትን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቅረጪ። ያየሽውን እዚሁ ጻፊልን፤ በተለይ ምግቡን መንካት አለመንካቱንና ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም ያለው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ። ቀጣዩን እርምጃ ከዚያ ተነስተን እንወስናለን።