ዲሜትሮዶን «ተሳቢ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንት እንስሳት አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ዲሜትሮዶን ከዳይኖሰሮች በፊት የኖረ፣ የአጥቢዎች ቅድመ አያት የሆነ ተሳቢ እንስሳ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይቶ «ተሳቢ አትበል፣ ገበሎ አስተኔ ነው የሚባለው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል። የጓደኛዎ ስህተት ግን ያንሳል።

«ተሳቢ» ማንም የሚረዳው ቃል ነው፤ ችግሩ ሥራ በዝቶበታል። «ልጁ ኳሱን መታ» ስንል በሰዋስው ተሳቢው ኳሱ ነው። ከከባድ መኪና ኋላ የሚጎተተውም ተሳቢ ነው። ይህ ዐውዱ ስለሚለየው ብዙም አያስቸግርም እንበል። ዋናው ነገር ቃሉ የሚናገረው ስለ አካሄድ ብቻ መሆኑ ነው። እባብ ይሳባል፣ እሺ። ከዚሁ ወገን ከጠፉት የጥንት እንስሳት መካከል ግን ቴሮሶር በክንፉ ይበር ነበር፣ ኢክቲዮሶርም ዕድሜውን የሚጨርሰው ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ነው። «በራሪ ተሳቢ» ብለው ጽፈው ሳይስቁ ማለፍ ከቻሉ ይቀጥሉበት፣ እኔ አልችልም።

«ገበሎ አስተኔ» ይሻላል። «አስተኔ» የዚያ ዓይነት፣ የዚያ ወገን የሚል ስሜት አለው፤ «እንቁራሪት አስተኔ»፣ «ድመት አስተኔ» እንደምንለው። የሳይንስ መጻሕፍትም ለምደውታል። ስለ እባብ፣ እንሽላሊት፣ አዞና ኤሊ የሚጽፉ ከሆነ ያለ ሐሳብ ይጠቀሙበት።

ዲሜትሮዶን ላይ ግን አይሠራም። እርግጥ ሲያዩት ገበሎ ይመስላል፤ አራት እግሩ ወደ ጎን የወጣ፣ ጅራቱ የረዘመ፣ ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር የቆመ ትልቅ እንስሳ ነው። ኤድዋርድ ኮፕ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1878 ስም ሲያወጣለትም ገበሎ አስተኔ ነው ብሎ ነው፣ በዚያ ዘመን ምደባው በመልክ ነበርና። ከዚያ በፊትማ ጭራሽ የባሰ ነበር፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 መጽሐፉ እንሽላሊትንና እንቁራሪትን አንድ ምድብ ውስጥ ነው የከተታቸው።

ነገሩን የለወጠው የራስ ቅል ነው። በ1903 ሄንሪ ኦዝቦርን የተባለው አሜሪካዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ የጥንቶቹን እንስሳት ከዓይን ጉድጓድ በስተኋላ ባለው ቀዳዳ ከፈላቸው። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ቀዳዳ ያላቸው ሳይናፕሲድ፣ ሁለት ያላቸው ዳያፕሲድ ተባሉ። ቀዳዳው የመንጋጋ ጡንቻ የሚያልፍበትና የሚያያዝበት ቦታ ነው። ጣትዎን ጆሮ ግንድዎ ላይ ያድርጉና ጥርስዎን ነከስ ያድርጉ፤ ከጣትዎ ሥር የሚንቀሳቀሰው ጡንቻ ወደ መንጋጋ የሚወርደው ከዚያ ከአንዱ ቀዳዳ በተረፈው ክፍተት በኩል ነው። እኛ ሳይናፕሲድ ነን። ዲሜትሮዶንም እንደዚሁ። እባብ፣ እንሽላሊት፣ አዞ፣ ዳይኖሰርና ወፍ ግን የዳያፕሲድ ወገን ናቸው። ኤሊ ቀዳዳ ስለሌላት ለብቻዋ ተመድባ ኖራ ነበር፤ የዘረመል ጥናት ግን ከእነ አዞና ወፍ ጋር ቀላቅሏታል።

ሁለቱ የዘር ሐረጎች የተለያዩት ከ310 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። የጋራ ምንጫቸው ሽሉ በራሱ ፈሳሽ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያድግ፣ ስለዚህም ለመራባት ወደ ውሃ መመለስ የማያስፈልገው እንስሳ ነበር። ለዚህ ሰፊ ቡድን እኔ «ባለ እንሽርት እንስሳት» ማለትን እመርጣለሁ። «እንሽርት» የሚለውን ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች፣ ሳይንሱም የሚለው ያንኑ ነው፣ ታዲያ የባዕድ ቃል ምን ያደርግልናል? በገበሎ አስተኔዎች በኩል ከቀደምቶቹ መካከል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ሃይሎኖመስ ነው። ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ፣ ጆጊንስ በሚባል ቦታ፣ ወደ ድንጋይ በተለወጡ የዛፍ ግንዶች ውስጥ ነው ቅሪተ አካሉ የተገኘው። ርዝመቱ ከነጅራቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሐረግ በገበሎ አስተኔነት አላለፈም ማለት ነው። ድሮ በየመጻሕፍቱ ይጻፍ የነበረው «አጥቢ መሰል ገበሎ አስተኔ» የሚል አጠራርም በዚሁ ምክንያት እየቀረ ነው። እርስዎም አይጠቀሙበት።

አሁን ጓደኛዎ ያላየው ነገር። «ቅድመ አያት» ያሉት እንዴት አለፈ? የአያትዎን ወንድም «አያቴ» ብለው በአክብሮት ሊጠሩት ይችላሉ፣ የተወለዱት ግን ከእሱ አይደለም። ዲሜትሮዶንም እንዲሁ ነው። ከ295 እስከ 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኖሮ የጠፋ የጎን ቅርንጫፍ ነው፤ አጥቢዎች የመጡት ከሌሎች ሳይናፕሲዶች ነው። ስለዚህ «ዘመድ» ይበሉት። አማርኛ ለዝምድና የሚሆን ቃል ሞልቶታል፤ ዘር፣ ሐረግ፣ ወገን፣ ቅርንጫፍ፣ የሩቅ ዘመድ፣ የቅርብ ዘመድ። የዛሬው ምደባ በትውልድ ስለሆነ እነዚህ ቃላት ልክ ይገቡበታል።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ቢያደርጉት፦ «ዲሜትሮዶን ከዳይኖሰሮች በፊት የኖረ፣ መልኩ ገበሎ የሚመስል፣ የአጥቢዎች የጥንት ዘመድ ነው።» «በፊት» ያሉት ልክ ነው፣ እንዲያውም በመካከላቸው ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጽሑፉ ወደፊት ስለ ወፎች ካነሳ ያስፈልግዎታል። በትውልድ ከሄድን አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። ስለዚህ ስለ ዝርያ ሐረግ ሲጽፉ «ገበሎ አስተኔዎች፣ ወፎችን ጨምሮ» ይበሉ። ስለ ዛሬዎቹ እንስሳት ብቻ በተራ አነጋገር ከሆነ አያስፈልግም፣ አንባቢም ግር ይለዋል። ብዙ ቁጥሩ ደግሞ «ገበሎዎች አስተኔ» ሳይሆን «ገበሎ አስተኔዎች» ነው።